ምድር ሁሉ መስገጃ ናት፦ ልጆቻችንን በአራቱም ወቅት ወደ ጫካ እናውጣቸው



ምስጋና ሰማያትንና ምድርን ለፈጠረው፣ ቀንና ሌሊትን፣ ብርድና ሙቀትን ለሚያፈራርቀው አላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ! ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በተለይ ለእናንተ፣ እዚሁ ኮሎራዶ ተወልዳችሁ ወይም በልጅነታችሁ መጥታችሁ ላደጋችሁት ነው። ብዙዎቻችሁ ዛሬ በቅዳሜና እሁድ መድረሳ ታናናሾቻችሁን ታስቀራላችሁ። አንዳንዶቻችሁ የራሳችሁን ልጆች ማሳደግ ጀምራችኋል። የሚቀጥለው ትውልድ ስለ ጌታው እንዴት ይማራል የሚለው ጉዳይ ከወላጆቻችን እጅ ወደ እናንተ እጅ እየተሻገረ ነው።

እስቲ የአንድ የሴንቴኒያል ልጅን ውሎ እናስብ። ከቤት ወደ ጋራዥ፣ ከጋራዥ ወደ መኪና፣ ከመኪና ወደ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ተመልሶ ወደ ቤት። ቅዳሜ ሲሆን በዚያው መኪና ወደ መድረሳ ይሄዳል፤ መስኮት በሌለው ክፍል ሁለት ሰዓት ቀርቶ ይመለሳል። ማታ ደግሞ ታብሌት አለ። ዐስር መድረሱን የሚያውቀው ስልኩ አዛን ስላሰማ ነው። ጥላ ሲረዝም አላየም። ረመዳን መግባቱን የሚያውቀው በቡድን መልእክት ነው። ጨረቃ ስትወለድ ቆሞ አልፈለገም።

ይህ ልጅ ቁርአን እየቀራ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን የሚቀራው ቁርአን ደጋግሞ "ተመልከት" የሚለውን ነገር አንዱንም አላየውም። ልጆቻችን ዲኑን የክፍል ውስጥ ነገር አድርገው ከያዙት፣ አድገው ከክፍሉ ሲወጡ እዚያው ትተውት ይወጣሉ ብዬ እፈራለሁ። ዛሬ ስለ ጫካ መጻፍ የፈለግኩት በዚህ ምክንያት ነው።

ቁርአኑ ራሱ ወደ ውጭ ይጠራል

በአረብኛ የቁርአን አንቀጽ "አያ" ይባላል። ተራራው፣ ዝናቡ፣ የቀንና የሌሊት መፈራረቅም በቁርአን "አያት" ተብለዋል። የመጀመሪያው በምላስ ይቀራል፣ ሁለተኛው በዓይን። ሁለቱንም ያወረደው አንድ ጌታ ነው። አንዱን ብቻ ያስተማርነው ልጅ ግማሹን ትምህርት አግኝቷል።

በሱረቱል ጋሺያ አላህ ሰዎችን ግመል እንዴት እንደተፈጠረች፣ ሰማይ እንዴት ከፍ እንዳለች፣ ተራሮች እንዴት እንደተተከሉ፣ ምድር እንዴት እንደተዘረጋች እንዲያዩ ይጠይቃቸዋል። በሱረቱ ፋጢር ደግሞ በተራሮች ላይ ስላሉት ነጭና ቀይ፣ ጥቁርም መስመሮች ይነግረንና ወዲያው አላህን በእውነት የሚፈሩት ዐዋቂዎቹ መሆናቸውን ያስከትላል። ከዴንቨር በስተምዕራብ ሬድ ሮክስ ያሉትን ቀይ ዐለቶች ያየ ልጅ ይህን አንቀጽ ሲሰማ የሚያስታውሰው ነገር ይኖረዋል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገና ሕፃን ሳሉ ከመካ ወጥተው ከሐሊማ ጋር በበኒ ሰዕድ ገጠር አደጉ። በሶሒሕ ሙስሊም እንደተዘገበው ጂብሪል መጥቶ ደረታቸውን በከፈተበት ጊዜ ከልጆች ጋር እየተጫወቱ ነበር። ከፍ ሲሉ በጎች ጠበቁ፤ በጎች ያልጠበቀ ነቢይ እንደሌለም ነግረውናል። አላህ ለነቢያቱ የመረጠው የልጅነት ትምህርት ቤት ሜዳና ተራራ ነበር። እረኛ የሆነ ልጅ ትዕግሥትን፣ ነቅቶ መጠበቅን፣ ለደካማ ማዘንን ይማራል። እነዚህን በፈተና ወረቀት ማስተማር ከባድ ነው።

ጨዋታስ? ትንሽ ወፍ የሞተችበትን አቡ ዑመይር የተባለ ሕፃን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወፏ ምን እንደሆነች እየጠየቁ ያጫውቱትና ያጽናኑት እንደነበር እናውቃለን፤ ሕፃኑ ወፍ ይዞ መጫወቱን አልነቀፉም። የልጅ ጨዋታ በዲናችን የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

"ጫካ" የሚለው ቃልና ወላጆቻችን

አንድ ነገር በግልጽ እንነጋገር። ለእናትና አባቶቻችን "ልጆቹን ጫካ ልንወስዳቸው ነው" ስትሏቸው ፊታቸው ይለወጣል። ይህን በአክብሮት መረዳት አለብን። በአማርኛ "ጫካ ገባ" ማለት መሣሪያ አንሥቶ ሸፈተ ማለት ነው። ጫካ ሲባል ለእነርሱ ጅብ፣ ሽፍታ፣ ጦርነት፣ በእግር የተሰደዱበት መንገድ ሊታወሳቸው ይችላል። እንጨት ለቀማና ውሃ ቀዳ ያደከማት እናት፣ ልጇ በሞቀ ቤት ውስጥ እንዲቀመጥ ነው ይህን ሁሉ የለፋችው።

የዩሱፍን (ዐ.ሰ) ታሪክ አስታውሱ። ወንድሞቹ አባታቸውን የጠየቁት ዩሱፍ ወጥቶ እንዲጫወትና እንዲደሰት ነበር። ያዕቆብ (ዐ.ሰ) ጨዋታን መጥፎ ነው አላሉም፤ የፈሩት ተኩላውንና የልጆቹን መዘናጋት ነው። የአባት ፍርሃት በነቢይ ልብ ውስጥም ነበር። ስለዚህ ወላጆቻችንን "ኋላ ቀር ናችሁ" ማለት አይገባም። ለጥያቄያቸው መልስ መስጠት ነው ያለብን፦ ማን ይጠብቃቸዋል? ስንት ልጅ ለአንድ ትልቅ ሰው? መቼ ትመለሳላችሁ? የዩሱፍ ወንድሞች ያጎደሉት አማናውን ነበር፤ እኛ አማናውን እንጠብቅ።

ከዚህም በላይ፣ ወላጆቻችን ራሳቸው የዚህ ትምህርት ባለቤቶች ናቸው። ወሎ ውስጥ ያደገ አባት ካላችሁ ቁርአን የቀራው የት እንደሆነ ጠይቁት። ብዙዎቹ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ማታ በእሳት ብርሃን ዙሪያ፣ በእንጨት ለውህ ላይ ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም ጽፈው ነው የቀሩት። ቀን ከብት ጠብቀው፣ ለእሳቱ እንጨት ለቅመው ነው። ወይራን ከጽድ በሽታው ይለያሉ፤ የትኛው ቅጠል ለቁስል፣ የትኛው እንጨት ለጥርስ መፋቂያ እንደሚሆን ያውቃሉ። ይህ ዕውቀት በእኛ ላይ እንዳይቆረጥ፣ አባቶቹን አብረናቸው ይዘን እንውጣ። "አባባ፣ እረኛ ሳሉ ዝናብ ሲመጣ እንዴት ያውቁ ነበር?" ብሎ የሚጠይቅ ልጅና መልስ ያለው አዛውንት በአንድ ዛፍ ሥር ሲቀመጡ፣ ሁለቱም የሚያገኙት ነገር አለ።

ስለ ወቅቶች ስታወሩ ግን አንድ ቃል እንዳያጣላችሁ ተጠንቀቁ። ለእነርሱ ክረምት ማለት ሐምሌና ነሐሴ፣ ዝናብ፣ ጭቃና የትምህርት ቤት ዕረፍት ነው። እዚህ ደግሞ በጁላይ ፀሐይ ያቃጥላል፤ ክረምት የምትሉት በረዶውን ነው። አላህ ለአንዱ አገር የሰጠው ወቅት ከሌላው ይለያል። ይህም ራሱ አያ ነው።

መጸው፦ ቅጠል ሲረግፍ

በሴፕቴምበር መጨረሻ ሀይዌይ 285ን ይዛችሁ ወደ ኬኖሻ ፓስ ውጡ። ቦታው ከባሕር ጠለል 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አስፐን የሚባሉት ዛፎች በዚያ ሳምንት ወርቅ ይመስላሉ። ልጆቹ ከሥራቸው ቆመው ነፋስ ሲነፍስ ቅጠሉ ሲንቀጠቀጥ ይስሙ። ከዚያም በሱረቱል አንዓም የተነገረውን ንገሯቸው፦ አላህ ሳያውቃት የምትረግፍ አንዲት ቅጠል እንኳ የለችም። ልጁ በዙሪያው የሚረግፈውን መቁጠር ይሞክር፤ እስከ ሃምሳ እንኳ አይዘልቅም። ጌታው ግን በተራራው ሁሉ ያለውን ያውቃል። "ዐሊም" የሚለውን የአላህ ስም ትርጉም ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ሰሌዳ አላውቅም።

አስፐን ሌላም ትምህርት አለው። ብዙ ዛፍ መስሎ የሚታየው ደን ከመሬት በታች ብዙ ጊዜ በአንድ ሥር የተያያዘ ነው። አዲሱ ግንድ ከነባሩ ሥር ይበቅላል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምእመናን በመተዛዘናቸው እንደ አንድ አካል መሆናቸውን፣ አንዱ ብልት ሲታመም ሌላው አብሮ እንደሚታመም አስተምረዋል። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ስልጤው፣ ሶማሌው ልጅ በአንድ መድረሳ የሚቀራባት አውሮራ ውስጥ ይህን ለልጆች በዓይናቸው ማሳየት ቀላል ነገር አይደለም።

በረዶ፦ ጥላና ውዱእ

ብዙ ቤተሰብ ከኖቬምበር እስከ ማርች ልጅ አያወጣም። እኔ ግን በሙያዬ ኢንጂነር ስለሆንኩ የምወደው ትምህርት ያለው በዚህ ወቅት ነው። አንድ ሜትር የሆነ ዱላ በሜዳ ላይ ትከሉ። ሴንቴኒያል ውስጥ በዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ ከፍታዋ ላይ ስትደርስ የዱላው ጥላ ሁለት ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። በጁን መጨረሻ ያንኑ ዱላ ብትተክሉ ጥላው 29 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ፀሐይ ከአናት ዘወር ስትልና ጥላው እንደገና መርዘም ሲጀምር ዙህር ገባ። በዚያች አጭር ጥላ ላይ የዱላው ቁመት ሲጨመር፣ በአብዛኞቹ ዑለማኦች ዘንድ ዐስር ገባ። ስልካችሁ ላይ ያለው ሰዓት የዚህ ስሌት ውጤት ነው።

ቂብላንም እንዲሁ ማግኘት ይቻላል። የሮኪ ተራሮች ሁልጊዜ በስተምዕራባችን ናቸው። ልጁ ተራራውን በግራ እጁ አድርጎ ይቁም፤ ፊቱ ወደ ሰሜን ሆነ ማለት ነው። ከዚያ 35 ዲግሪ ያህል፣ ማለትም ከሩብ ዙር ግማሽ ትንሽ ያነሰ፣ ወደ ቀኝ ይዙር። ቂብላው ያ ነው። አያቱ ደሴ ከሆኑ ደግሞ ይህን ንገሩት፦ ደሴና መካ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ ናቸው ለማለት ይቻላል፤ አያቱ ሲሰግዱ በቀጥታ ወደ ሰሜን ይዞራሉ። አንድ ካዕባ፣ ሁለት አቅጣጫ፣ አንድ ቤተሰብ።

የብርድ ፊቅህም የሚማሩት በብርድ ነው። በአስቸጋሪ ሁኔታ ውዱእን አሟልቶ ማድረግ ወንጀልን ከሚያብሱ ሥራዎች አንዱ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል። ዲኑ ግን ገር ነው። በውዱእ ላይ ሆኖ ኹፍ ያጠለቀ ሰው ለአንድ ቀንና ሌሊት፣ መንገደኛ ደግሞ ለሦስት ቀንና ሌሊት በላዩ ላይ ማበስ ተፈቅዶለታል። ውፍረት ባለው ካልሲ ላይ ስለማበስ ኡስታዞቻችሁን ጠይቁና ለልጆቹ በተግባር አሳዩአቸው። ውሃ ያጣ ወይም የሚጎዳው ሰው ተየሙም አለለት። ምድር ለዚህ ኡመት መስገጃና መንጺያ ተደርጋለችና።

በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ ደግሞ ኮመርስ ሲቲ ያለውን የሮኪ ማውንቴን አርሰናል የዱር እንስሳት መጠለያ ጎብኙ። ይህ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካ ጦር የኬሚካል መሣሪያ ያመርትበት ጀመር። በኋላም ፀረ ተባይ መድኃኒት ተመረተበት፤ መሬቱና ውሃው ተመረዘ። በ1986 ግን ራሰ ነጭ ንስሮች በክረምት እዚያ እንደሚያድሩ ታወቀ። በ1992 ቦታው በሕግ የእንስሳት መጠለያ እንዲሆን ተወሰነ፤ ለብዙ ዓመታት ጸዳ፤ በ2007 ባይሰኖች ተመለሱበት። በሱረቱ ሩም በየብስና በባሕር የሚታየው ጥፋት ከሰዎች እጅ ሥራ የመጣ መሆኑና ዓላማውም እንዲመለሱ መሆኑ ተነግሯል። ያጠፋ ሰው መመለስ ይችላል፤ የተመረዘ መሬትም ሊታከም ይችላል። ስለ ተውባ ለአሥር ዓመት ልጅ ለማስረዳት ከፈለጋችሁ ከመኪና መስኮት ባይሰኖቹን እያሳያችሁ ይህን ታሪክ ንገሩት።

ጸደይ፦ የሞተች ምድር ስትነሳ

በማርች የቼሪ ክሪክ ስቴት ፓርክ ሣር ደርቆ ገለባ መስሏል። ኮተንዉድ የሚባሉት ትልልቅ ዛፎች የሞቱ ይመስላሉ። በሜይ ሂዱና እዩ። ቁርአን ትንሣኤን የሚያስረዳበት ዋናው ምሳሌ ይህ ነው፤ በሱረቱ ቃፍ የሞተች አገር በዝናብ ሕያው እንደምትሆን ከተነገረ በኋላ ከመቃብር መውጣትም እንዲሁ መሆኑ ይነገራል። ልጁ አንድ ዛፍ ይምረጥ፤ ስም ያውጣለት፤ በአራቱም ወቅት ያንኑ ዛፍ ይጎብኝ። በየጊዜው ይሳለው። በዓመቱ መጨረሻ ስለ ትንሣኤ ስትነግሩት ማስረጃውን በደብተሩ ይዞታል።

ዝናብ ከመጣ ቶሎ ወደ መኪና አትሩጡ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ዝናብ ሲዘንብ ልብሳቸውን ከፊል ገልጠው ሰውነታቸውን ያስመቱት ነበር፤ ከጌታው ዘንድ ገና የመጣ መሆኑንም ተናግረዋል። መብረቅ እስከሌለ ድረስ ልጆቹም ይቅመሱት። የወፍ ጎጆ ካገኙም ከሩቅ ይዩ። ሰሓቦች ጫጩቶች ወስደው እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች ስትዞር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማን እንዳሳዘናት ጠይቀው ጫጩቶቿ እንዲመለሱላት አዘዋል።

በዚህ ወቅት ከፍራንክታውን አጠገብ ወዳለው ካስልዉድ ካንየን ውረዱ። እዚያ የፈረሰ ግድብ አለ። በ1890 ተሠርቶ ገና ከመጀመሪያው ውሃ ያሰርግ ነበር። ኦገስት 3 ቀን 1933 ከከባድ ዝናብ በኋላ ተደርምሶ ጎርፉ በቼሪ ክሪክ ወርዶ ዴንቨር ድረስ ደረሰ። ዛሬ እኛ የምንዝናናበት የቼሪ ክሪክ ሐይቅ ከተማዋን ከጎርፍ ለመጠበቅ በተሠራ ሌላ ግድብ የቆመ ነው። ልጆቹ የፈረሰውን የድንጋይ ግንብ ይንኩ። ከዚያም የሰበእን ሕዝብ ታሪክ ንገሯቸው፤ ከግራና ከቀኝ አትክልት የነበራቸው፣ ባለማመስገናቸው የግድቡ ጎርፍ የተለቀቀባቸው ሕዝቦች። ይህን ስል የካስልዉድ ጎርፍ ቅጣት ነው እያልኩ አይደለም፤ ያን አላህ ነው የሚያውቀው። ለልጆቹ ግን አንድ ነገር ግልጽ ይሁንላቸው፦ ግንብ ሁሉ ይሰነጠቃል፤ ጥበቃ ከአላህ ነው፤ የሰው ድርሻ ሥራን አሳምሮ መሥራትና ስንጥቁን አይቶ አለማለፍ ነው። ይህ ኢሕሳን ነው። በኢንጂነሪንግም ሆነ በሰላት።

የሙቀቱ ወራት፦ ረጅሙ ቀን

በጁን መጨረሻ ቀኑ 15 ሰዓት ያህል ይረዝማል፤ በዲሴምበር ግን ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያንሳል። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ውስጥ ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚመጣ በ33 ዓመት ገደማ በሁሉም ወቅት ይዞራል። ዛሬ ትንሽ የሆነው ወንድማችሁ በአጭሩም በረጅሙም ቀን ይጾማል፤ የአላህን ፍትሕ በሰውነቱ ይረዳል።

በጫካው ውስጥ ፖንደሮሳ የሚባለውን ጥድ አሳዩት። ቅርፊቱን አስጠግቶ ያሽት፤ ብዙ ሰው የቫኒላ ሽታ ያገኝበታል። ወፍራሙ ቅርፊት ከቀላል እሳት ይጠብቀዋል። እሳቱ ግን ቀላል ባልሆነ ጊዜ ምን እንደሚሆን እዚህ ያደገ ሁሉ ያውቃል። ዲሴምበር 30 ቀን 2021 በቦልደር አካባቢ የተነሣው የማርሻል እሳት ከ1,000 በላይ ቤቶችን በአንድ ቀን በላ። ስለዚህ የእሳት እገዳ ሲታወጅ መታዘዝ የሌላውን ነፍስና ንብረት መጠበቅ ነው። ቡናችንን በፔርሙዝ ይዘን እንሂድ።

በጁላይና በኦገስት ከሰዓት በኋላ በተራራ ላይ መብረቅ የተለመደ ነው። በጠዋት ወጥቶ ከቀትር በፊት ከከፍታው መውረድ ያስፈልጋል። ሱብሒን ሰግዶ መንገድ መጀመር ለሙስሊም ቤተሰብ አዲስ ነገር አይደለም።

የሴት ልጆቻችን ጉዳይ

ይህን ሳልናገር ባልፍ ሐቅ ማጉደል ይሆንብኛል። በብዙ ቤቶች ወንዱ ልጅ ኳስ ሜዳ ሲሄድ ሴቷ ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ቤት ትቀራለች። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ጋር በጉዞ ላይ ሩጫ ተወዳድረዋል፤ አንድ ጊዜ እሷ ቀደመች፣ ሌላ ጊዜ እሳቸው። ሐጀር (ዐ.ሰ) በሶፋና በመርዋ ኮረብታዎች መካከል ሮጣ ውሃ የፈለገችው ብቻዋን ነበር፤ ዛሬ ሚሊዮኖች ሐጅና ዑምራ ሲያደርጉ ፈለጓን ይከተላሉ። ሒጃብ ለብሶ ተራራ መውጣት ይቻላል። እህቶች ሆይ፣ ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ የምትወጡ አስተባባሪዎች እናንተ ብትሆኑ እናቶችም ይበልጥ ይረጋጋሉ።

"ሒፍዙስ?" ለሚሉ

"ጊዜው ለቁርአኑም አልበቃም፣ ደግሞ ጫካ?" የሚል ጥያቄ እሰማለሁ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሴ ይህ ነው፦ በዓመት አራት ቅዳሜ፣ በየወቅቱ አንድ። የቀሩት ቅዳሜዎች ሁሉ እንደ ወትሮው ለቂርአት ናቸው። በአራቱ ቀናትም ልጆቹ ከወቅቱ ጋር የሚሄዱትን አንቀጾች በቃላቸው ያጥኑ፤ በመጸው ከአንዓም፣ በጸደይ ከቃፍ። ባዩበት ቦታ የያዙት አንቀጽ አብሯቸው ይቆያል።

ሌሎች ሕዝቦች ይህን ነገር ከያዙት ቆይተዋል። በዴንማርክ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሕፃናት ቀኑን ሙሉ በጫካ የሚውሉባቸው መዋዕለ ሕፃናት አሉ። ኮሎራዶም በ2024 ከቤት ውጭ የሚያስተምሩ የቅድመ መደበኛ ትምህርት ተቋማት ፈቃድ እንዲያገኙ የሚያስችል ሕግ አውጥታለች። ሐኪሞችም ውጭ በብርሃን የሚውል ልጅ ሩቁን የማየት ችግር እንዳይይዘው ይረዳዋል ይላሉ። ጥበብ የትም ብትገኝ ሙእሚን ሊይዛት ይገባዋል፤ ይህችኛዋ ግን መጀመሪያም ከቤታችን የወጣች ናት።

እንዴት እንጀምር?

አንደኛ፣ ወጪው ትንሽ ነው። ከ2023 ጀምሮ የኮሎራዶ መኪናችሁን ስታስመዘግቡ "አልፈልግም" ካላላችሁ በስተቀር የስቴት ፓርኮች መግቢያ ክፍያ አብሮ ይከፈላል። ብዙ ቤተሰብ ሳያውቅ ከፍሎ ተቀምጧል፤ የመኪና ወረቀታችሁን እዩ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም የፓርክ መግቢያ ያለበትን ቦርሳ ያውሳሉ። አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ ደግሞ ቤተሰቡን ይዞ ብሔራዊ ፓርኮች በነጻ የሚገባበት የአንድ ዓመት ፈቃድ ከፌዴራል መንግሥት ያገኛል።

ሁለተኛ፣ ለአምስት ልጅ አንድ ትልቅ ሰው ይመደብ። ለወላጅ የመሄጃና የመመለሻ ሰዓት በጽሑፍ ይሰጥ። ውሃ፣ ኮፍያ፣ ተጨማሪ ካልሲ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ አይረሳ። በሙቀት ወራት በካስልዉድና በቼሪ ክሪክ አካባቢ መርዘኛ እባብ ስለሚኖር ልጆች ከመንገድ አይውጡ፤ ድንጋይ ሥር እጃቸውን አያስገቡ።

ሦስተኛ፣ አደብ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በሰዎች መንገድ፣ በጥላና በውሃ ዳር መጸዳዳትን ከልክለዋል። በመንገድ ላይ ያለን ጎጂ ነገር ማንሣት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ፌስታል ይያዝ፤ የራሱንም የሌላውንም ቆሻሻ ለቅሞ ይመለስ። እንስሳት በቁርአን እንደ እኛው ኡመቶች ተብለዋል፤ በቤታቸው እንግዶች ነንና እንደ እንግዳ እንሁን።

አራተኛ፣ ሰዓቱ ሲደርስ አዛን ይባል። በሜዳ ላለ ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድምፁን ከፍ አድርጎ አዛን እንዲል፣ የሰማው ፍጥረት ሁሉ በቂያማ ቀን እንደሚመሰክርለት ነግረዋል። አስቡት፤ አንድ የስምንት ዓመት የሐበሻ ልጅ በኮሎራዶ ጥድ መካከል ቆሞ "አላሁ አክበር" ሲል። ዛፉ ይሰማዋል፣ ዐለቱ ይሰማዋል። "ይህ አገር የእኔ ነው ወይ?" እያለ የሚያድግ ልጅ፣ ምድሯ ለእሱ የምትመሰክርለት መሆኗን ሲያውቅ ልቡ ይረጋጋል። ምድሪቱ የአላህ ናት፤ እሱም የአላህ ባሪያ ነው።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ! ቂያማ ሊቆም ሲል እንኳ በእጁ ችግኝ ያለው ሰው መትከል ከቻለ እንዲተክል ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል። በእጃችን ያሉት ችግኞች እነዚህ ልጆች ናቸው። ችግኝ ደግሞ ፀሐይና ዝናብ ይፈልጋል። ይህ ወቅት ሳያልፍ አንድ ቅዳሜ ምረጡ፤ አንድ ኡስታዝ፣ አንድ አዛውንት፣ ጥቂት ወላጆች አማክሩ፤ ቢስሚላህ ብላችሁ ውጡ።

አላህ (ሱ.ወ) ልጆቻችንን አያቱን አይተው ከሚያስተነትኑት ያድርግልን። ወላጆቻችንን በጤናና በዕድሜ ያቆይልን። በወጣንበት ሁሉ በሰላም ይመልሰን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ